ዶሮዋ ለምን ደበዘዘች? ለልጆች መጽሐፍ የሚሆን ዝግጁ ሥዕል ፍለጋ

አንባቢ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፊደል ለሚለዩ ልጆች 24 ገጽ ያላት መጽሐፍ በዎርድ እያዘጋጀሁ ነው። መሳል አልችልም። ስለዚህ ዶሮዋንም፣ ዛፉንም፣ ባልዲውንም ጎግል ላይ ፈልጌ ለጠፍኳቸው። ስክሪን ላይ ያምራሉ። ትናንት ለሙከራ ፕሪንት ሳደርግ ግን ዶሮዋ ደበዘዘች፤ ክንፏ እንደ ደረጃ ተሸራረፈ። ቢጫው ገጽ ላይ ያለው ባልዲ ደግሞ ነጭ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሏል። መጽሐፏን በነጻ ነው የማድላት። የሥዕሎቹ ባለቤት ማን እንደሆነ አለማወቄም እንቅልፍ ነሳኝ። ምን ይሻለኛል?

ገጽ አቀናባሪው፦
እህቴ፣ የዶሮዋ ጣጣ ከፒክስል ነው፤ ሥዕሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ማለቴ ነው። ለጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል። ስፋቷ 300 ፒክስል የሆነች ዶሮ ጥርት ብላ የምትወጣው 2.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። አንቺ ግማሽ ገጽ አልብሰሻት ይሆናል። ጎትተሽ ስታሰፊው ፒክስል አይጨምርም፣ ያለው ይተልቃል እንጂ።

ኤስቪጂ ፋይል ፈልጊ። እሱ ሥዕሉን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ስለሚይዝ የግድግዳ ያህል ብታሰፊውም አይደበዝዝም። አዲሶቹ ዎርዶች ይቀበሉታል። ካጣሽ ግልጽ ጀርባ ያለው፣ ማለትም ከኋላው ያለውን ገጽ የሚያሳይ፣ ትልቅ ፒኤንጂ ፋይል ውሰጂ። ጄፔግ ግልጽ ጀርባ መያዝ አይችልም፤ ነጩ ሳጥን የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ግራጫና ነጭ ዳማ የሚታይበት ሥዕል ሁሉ ጀርባው ግልጽ ነው ማለት አይደለም። ዳማው ራሱ የተሳለበት ብዙ አለ። ቢጫው ገጽ ላይ አስቀምጠሽ ፈትሺው።

ሥዕል ሠሪዋ፦
በሥዕል ነው የምተዳደረው። አንዴ የሳልኳትን ድመት የማላውቀው ብሮሸር ላይ አየኋት። ጥግ ላይ የነበረው ፊርማዬ ተቆርጧል። ጭራዋ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ስለፋ ነበርና ሆዴ ባባ። ስለዚህ መጨነቅሽ ደስ አሰኝቶኛል።

ጎግል ፈልጎ ያሳያል እንጂ የሥዕሉ ባለቤት አይደለም። በነጻ ማደልሽም ፈቃድ መጠየቅን አያስቀርም። ኦፕንክሊፕአርት የሚባለውን ድረ ገጽ እዪ፤ እዚያ ያሉት ማንም እንዲጠቀምባቸው ለሕዝብ የተለቀቁ ናቸው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባል የሥዕልና የፎቶ ማከማቻ ድረ ገጽም አለ፤ እዚያ ግን የእያንዳንዱ ፈቃድ ይለያያል፣ ከሥዕሉ ሥር ያለውን አንብቢ። ሲሲ የሚለው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው የፈቃድ ዓይነት ምህጻር ነው። ሲሲ ዜሮ ካለ እንደፈለግሽ ተጠቀሚ። ሲሲ ባይ ካለ የሠሪውን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና ሊንኩን ጻፊ፤ ቀለም ከቀየርሽም መቀየርሽን ግለጪ። ኤንዲ የሚል ከተጨመረበት ደግሞ ቀይረሽ ማደል አትችዪም።

ብትችዪ ሁሉንም ከአንድ ሠሪ ውሰጂ። ዶሮዋ በወፍራም ጥቁር መስመር፣ ባልዲው እንደ ፎቶ ከሆነ የልጁ ዓይን ይበተናል።

አንባቢ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶሮዋን በኤስቪጂ ለወጥኳት፤ ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አሁን የ19ኙን ሥዕሎች ፋይል ስም፣ ሠሪና ፈቃድ በሰንጠረዥ እየመዘገብኩ ነው። ባለቤታቸውን ያላገኘሁላቸውን አራቱን አውጥቻለሁ።