ፋይል እያሳለፍኩ መብራት ሄደብኝ፣ ድረሱልኝ!!

ቪዲዮማን፦ ሰላም ቤተሰብ የሰርግ ቪዲዮ 180 ጊጋ ከላፕቶፕ ወደ ዴስክቶፕ በዋይፋይ እያሳለፍኩ ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ፣ አሁን መጥቷል ግን እንደገና ሳስጀምረው ሪፕሌስ ወይስ ስኪፕ ይለኛል። የቱን ልንካ? ሙሽሮቹ ነገ ነው የሚመጡት ቶሎ በሉ

ጋሽ ኬብል፦ ልጄ ይሄን ያህል ፋይል በዋይፋይ ይታለፋል? ኬብል ግዛ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን) ግዛ። ራውተሩንም ዩፒኤሱ ላይ ሰካው፣ ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው። ስንቴ ነው የምናገረው

ቪዲዮማን፦ እሺ ጋሼ ግን አሁን ምን ልንካ

ሀኒ ቴክ፦ ሮቦኮፒ ተጠቀም፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ፋይል መቅጃ ትዕዛዝ ነው፣ መጨረሻው ላይ ስላሽ ሚር (/MIR) በለው ሁለቱን ፎልደር አንድ አይነት ያደርግልሃል

ሌሊት ወፍ፦ ቆይ ቆይ! ምንም እንዳትነካ። ስለ ስንት ፋይል ነው የሚጠይቅህ?

ቪዲዮማን፦ ስለ አንዱ ብቻ

ሌሊት ወፍ፦ ከት ነዋ ያደረግከው። ኮፒ ቢሆን ስላለፉት ሁሉ ይጠይቅህ ነበር

ቪዲዮማን፦ አዎ ከት ነው፣ ምነው ችግር አለው??

ቢጫ ጀሪካን፦ ሙሽሮቹ ድጋሚ ይጋቡ በቃ ሃሃሃ

ሌሊት ወፍ፦ ያለፉት ፋይሎች ላፕቶፑ ላይ የሉም ማለት ነው፣ ስላሽ ሚር ደግሞ ምንጩ ላይ የሌለውን መድረሻው ላይ ያጠፋል፣ ግማሹን ሰርግ ይበላልሃል። ስኪፕም አትበል፣ ዊንዶውስ የፋይሉን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ ያቺ ፋይል ሳይዟ ሙሉ መስሎ ውስጧ ባዶ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ላይ መኖሯን አይተህ ከዴስክቶፑ አጥፋት፣ ከዛ ሮቦኮፒ በስላሽ ኢ ስላሽ ዜድ (/E /Z)። ኢ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ይወስዳል፣ ዜድ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ካለቀ በኋላ ፓወርሼል (የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያ) ላይ በጌት ፋይልሃሽ (Get-FileHash) የሁለቱን ፋይል መለያ ኮድ ሳታመሳክር ከላፕቶፑ ምንም አታጥፋ

ሀኒ ቴክ፦ እኔ ከት መሆኑን በምን አውቄ 🙄

ቢጫ ጀሪካን፦ ሮቦኮፒ ካላስተካከልከው ኔትወርክ ሲቆረጥ 30 ሰከንድ እየጠበቀ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ ልጆቻቸው እስኪዳሩ ማለት ነው

አባ ዲስክ፦ እኔ የማይገባኝ ለምን በኔትወርክ? ሃርድ ዲስኩን ፈተህ ዴስክቶፑ ላይ አትሰካውም?

ቪዲዮማን፦ የሰው ላፕቶፕ ነው ወንድሜ እንዴት ልፍታው። ሮቦኮፒውን ጀመርኩት እየሄደ ነው

ጋሽ ኬብል፦ በዋይፋይ?

ሌሊት ወፍ፦ የካሜራውን ካርድስ ፎርማት አድርገኸዋል?

ሳሚ፦ ሮቦኮፒ ሞክር ወንድሜ

ሌሊት ወፍ፦ @ቪዲዮማን ካርዱን ጠይቄህ ነበር