ውል ላይ «ደጅ» ሲባል እስከ የት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልፈርመው ባሰብኩት የኪራይ ውል ላይ «ተከራይ ደጁን በንጽሕና ይይዛል» የሚል አለ። ቤቱ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ደጅ የክፍሌ በር ፊት ብቻ ነው፣ ግቢው በሙሉ ነው፣ ወይስ ከአጥሩ ውጭ ያለውም ይጨምራል? ደጃፍስ? በሩን በባለቤቱ ፈቃድ ስለማስቀይር መቃን፣ ጉበንና ደፍ የቱ የቱ እንደሆኑም ንገሩኝ።

መልስ 1፦
ደጅ ቋሚ ወሰን የለውም፤ ተናጋሪው ከቆመበት ይለካል። ቤት ውስጥ ሆነው «ልጆቹ ደጅ ናቸው» ቢሉ ግቢ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ግቢ ውስጥ ቆመው «ደጅ መኪና መጥቷል» ካሉ ከአጥሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን ውል ላይ ማስፈር ጭቅጭቅ መጥራት ነው። ደጃፍ ጠበብ ይላል፤ ደጅና አፍ ተገጣጥመው የወጣ ቃል ስለሆነ ገቢ ወጪው የሚረግጠውን የበሩን አፍ ብቻ ይይዛል። እንዲህ ይጻፍልዎ፦ «ተከራይ ከክፍሉ በር ፊት ያለውን 2 ሜትር ቦታ ያጸዳል፤ የግቢው የጋራ ቦታና ከአጥር በር ውጭ ያለው አይመለከተውም።»

መልስ 2፦
መቃን ግራና ቀኝ የቆሙት ናቸው፤ ጉበን ከላይ የተጋደመው፤ ደፍ ከታች እግር የሚሻገረው። ዘጸአት 12 ላይ ደሙን ሁለቱን መቃንና ጉበኑን ቀቡ የተባለው እነዚህኑ ነው። የሚከፈተውና የሚዘጋው ራሱ መዝጊያ ይባላል። ከተማ ውስጥ ግን መቃኑንና ጉበኑን ባንድ ላይ «ፍሬም» ይሉታል፣ መዝጊያውንም ዝም ብለው «በር»። ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «90 በ210 በር» ብለው ቢያዝዙ ልኩ የግድግዳው ክፍተት ይሁን፣ የፍሬሙ ውጭ ይሁን፣ የመዝጊያው ይሁን አይታወቅም። ክፍተቱ 90 ሴንቲ ሆኖ መቃኑ በየጎኑ 5 ከያዘ ማለፊያው 80 ብቻ ነው፤ ትልቅ ፍሪጅ ላያስገባ ይችላል። እያንዳንዱን ልክ በስሙ ያስጽፉ። የክፍተቱን ወርድ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክተው ትንሹን ይያዙ፤ ግድግዳ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይገኝም። በመዝጊያውና በፍሬሙ መካከል በጎንና በላይ 3 ሚሊ ያህል ይተውለት፣ እንጨት በክረምት ያብጣል። ደፉንም አይተዉት። በረንዳው ከቤቱ ወለል እኩል ከሆነ 2 ሴንቲ እንኳ ከፍ ያለ ደፍ የዝናቡን ውኃ ይመልሳል።

መልስ 3፦
መልስ 1 ላይ አንድ ልጨምር። በአንዳንድ አገር «ደጁን ዝጋው» ይባላል፤ እዚያ ደጅ ራሱ በሩ ነው። ባለቤቱ እንደዚያ የሚናገሩ ከሆነ ውሉን ሲጽፉ ያሰቡት የበሩን ጽዳት ብቻ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቋቸው። «ደጃፌን እንዳትረግጥ» ሲባልና «ደጅ ጥናት» ሲባል ግን ቦታ መለካት የለም፤ የመጀመሪያው ቤቴ አትምጣ ነው፣ ሁለተኛው ባለሥልጣን ዘንድ ተመላልሶ መለመን።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ጠየቅኳቸው፤ የአጥር በሩ ፊትም በተራ ይጠረጋል አሉ።

መልስ 1፦
እንግዲያው ተራው የሳምንት ይሁን የወር፣ በስንት ተከራይ እንደሚዞርና መጥረጊያውን ማን እንደሚገዛ እዚያው ውሉ ላይ ይግባ። ከዚያ ይፈርሙ።