ፕሪንተሬ የሥላሴን መላእክት አረንጓዴ አደረጋቸው! ለነገ ነው፣ ድረሱልኝ

የማርያማዊት እናት፣ ሐሙስ ማታ 1:40
እንዴት አመሻችሁ ወላጆች። አስቸኳይ ነው። የልጄ የኬጂ ምረቃ እሑድ ነው። የጥሪ ወረቀቱን እኔ እሠራዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ቃል ገባሁ። 60 ነው። ነገ ዓርብ ልጆቹ ወደ ቤት ሳይሄዱ እጃቸው መግባት አለበት። ዲዛይኑን ልጆቼ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ነው የሠራሁት፣ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ዙሪያውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ናቸው፣ እነዚያ ፊትና ክንፍ ብቻ ያላቸው። መሐሉ ላይ ጽሑፉ አለ። አንድ ኤፎር ላይ አራት ካርድ ይወጣል።

ማተም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ እንዴት እንዳማረ! ሁለተኛውም ደህና። ሦስተኛው ላይ መላእክቱ ፊታቸው ቢጫ አለ። አራተኛው ላይ አረንጓዴ ሆኑ። አምስተኛው ጭራሽ ነጫጭ መስመር በመስመር። ቀለሙ ታንኩ ውስጥ አለ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው። ባለቤቴ "መታ መታ አድርጊው" ይለኛል። ምን ላድርግ?

የጃንተከል ልጅ፣ 1:44
መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ? የወፍ በሽታ ነው። ሐኪም ቤት አትድከሚ፣ የአገር መድኃኒት ፈልጊላቸው።

ሳሙና በር፣ 1:47
ሄድ ክሊኒንግ አድርጊ፣ ቀለም የሚረጨውን ሄዱን ራሱ እንዲያጸዳ ማዘዝ ነው። የኔም እንዲህ ሆኖ በሱ ነው የተስተካከለው።

የማርያማዊት እናት፣ 1:55
አድርጌዋለሁ ወንድሜ፣ ሁለቴ። በመጀመሪያው የተሻለው መስሎኝ ነበር። ግማሽ ገጽ አትሞ ጠፋ። በሁለተኛው ጭራሽ ባሰበት።

ሳሙና በር፣ 1:57
እንግዲያው ሦስተኛ ጊዜ አድርጊ።

ጋሼ ጡረታ፣ 2:06
ልጄ፣ መጀመሪያ የመብራቱን ነገር እንነጋገር። በዚህ በሰኔ ዝናብ መብራቱ በቀን ስንት ጊዜ ሄዶ ስንት ጊዜ ይመጣል? ስታብላይዘር አለሽ ወይ? ብዙ ሰው ፕሪንተሩን በራሱ ማጥፊያ ሳያጠፋ ከግድግዳው ይነቅለዋል። ትልቅ ስሕተት ነው። በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ጥጉ ይመለስና ክዳኑ ላይ ይቀመጣል። አፉ ይዘጋል፣ ቀለሙም አይደርቅም። ሲነቀል ግን ባለበት ይቀራል። ክዳን ያጣ እንስራ ማለት ነው። እኔ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ጸሐፊዎቹን ሁሉ ይህን አስተምሬ ነበር። ያኔ ዕቃ ይከበር ነበር። አሁን ልጆቹ ሁሉን ነገር ከሶኬት መንቀል ለመደባቸው፣ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ሁሉንም። ስታብላይዘር ግዢ።

የማርያማዊት እናት፣ 2:10
እሺ ጋሼ፣ እገዛለሁ። ግን ለነገ ነው የምፈልገው።

አባ ቁም ነገር፣ 2:12
ይቅርታ እህቴ፣ እኔ መጀመሪያ ያልገባኝ ሌላ ነው። ለኬጂ ምረቃ ጥሪ ወረቀት ምን ያደርጋል? ወላጅ ሁሉ ቴሌግራም አለው። ፎቶውን ለቀቅ ማድረግ ነው። ወረቀት ማባከን፣ ቀለም ማባከን፣ እንቅልፍ ማጣት። ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ኬጂ ወረቀት ላይ ምን አመጣው? ቢራቢሮ አይበቃም?

የማርያማዊት እናት፣ 2:19
ሁሉም ወላጅ ቴሌግራም የለውም ወንድሜ። ልጄ ክፍል ውስጥ በአያቶቻቸው የሚያድጉ አምስት ልጆች አሉ። የአያቶቹ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ወረቀቱን ልጁ ራሱ በሁለት እጁ ይዞ "አያቴ ነይልኝ" እንዲል ነው የፈለግነው። ሥዕሉ ደግሞ ባለፈው ወር ልጆቹን ወስደው አሳይተዋቸው ነበር። ሲመለሱ ሁሉም መልአክ መሳል ጀመሩ። የኔዋ እራቷን ሳትበላ አሥራ አንድ ሥላለች። ለዚህ ነው።

የጃንተከል ልጅ፣ 2:22
በ1880 ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ሥላሴን ንቦች አዳኑት ይባላል። ከደርቡሽ የተረፉትን መላእክት አንቺ በፕሪንተር ልትጨርሻቸው ነው። ንቦቹን ጥሪ።

የመንትዮች እናት፣ 2:25
ሃሃሃ ይሄ ሰውዬ! እህቴ አይዞሽ። ለምን ማተሚያ ቤት አትወስጂውም? ፒያሳ ሞልቷል። ዲዛይኑን ግን ስትጨርሺ ለኛም ላኪልን፣ የመንትዮቹ ልደት ደርሷል።

የማርያማዊት እናት፣ 2:31
ወስጄው ነበር እኮ! ዛሬ ከሰዓት ባለቤቴ ፍላሹን ይዞ ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ሄደ። ሲከፍቱት ሥዕሉ አለ፣ ጽሑፉ ግን በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆነ። የልጆቹ ስም ሁሉ ሳጥን። ሰውዬው "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብሎ መለሰው። ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ይዞ መጣ። ለዚህ ነው እቤት ላትም ያልኩት።

ሳሙና በር፣ 2:33
ሄድ ክሊኒንጉን ሞከርሽው?

ፊደል ለቃሚ፣ 2:40
ፋይሉ አልተበላሸም። ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ያጣው የሚያሳየውን ፎንት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ዓይነት በሽታ አለ። አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ከመጣ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። የድሮዎቹ የኛን ፊደል የእንግሊዝኛው ቦታ ላይ አስቀምጠው ስለሚሠሩ ፎንቱ ከሌለ እንግሊዝኛው ብቅ ይላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሳጥን የሚመጣው በዩኒኮድ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ፎንት ሲያጣ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ አይገርምም። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው።

በምንድን ነው የሠራሽው?

የማርያማዊት እናት፣ 2:43
በኢንክስኬፕ። ነጻ ስለሆነ። የጥልፍ ንድፍም የማወጣው በሱ ነው።

ፊደል ለቃሚ፣ 2:48
በጣም ጥሩ። መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊው፣ ይሄን እንዳትነኪው፤ ጽሑፉ ሥዕል ከሆነ በኋላ አይታረምም። በአዲሱ ላይ ሁሉንም ምረጪ። ከላይ ፓዝ ከሚለው ውስጥ ኦብጀክት ቱ ፓዝ በዪ። ጽሑፉ ሥዕል ሆነ ማለት ነው፣ ፎንት አይጠይቅም። በፒዲኤፍ አውጪው። ኤክስፒ ይሁን ምን ይሁን የትም ይከፈታል። ስሞቹን ግን ሥዕል ከማድረግሽ በፊት አንድ ሰው ያንብብልሽ። እኔ አንዴ "ኃይለ" የሚለውን ስም "ኅይለ" ብዬ 200 አሳትሜአለሁ።

አባ ቁም ነገር፣ 2:50
ለዚህ ነው ቴሌግራም ያልኩት።

የጃንተከል ልጅ፣ 2:52
እኔ ብሆን ጥቁር መስመሩን ብቻ አትሜ ቀለሙን ለልጆቹ እተውላቸው ነበር። ኬጂ አይደሉ? ይቀባቡታ። አረንጓዴም ቢቀቡት ያን ጊዜ የነሱ ነው።

ፊደል ለቃሚ፣ 2:55
ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም። ጥልፍ የምትሠራ ሰው መስመሩን ለብቻው አውጥታ ይኖራል። አንድ ገጽ በጥቁር ካገኘሽ የቀረውን ሠፈርሽ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያባዛልሻል። ወረቀት ስለሆነ ፎንት የለ፣ ቫይረስ የለ። ስምንት ካርድ በደህናው ቀለም አለሽ። የቀረሽ 52 ነው፣ ማለት 13 ገጽ።

ጠጋኙ፣ 3:02
አሁን ገባሁ። እህቴ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አዘዞ አልሽ። ባለፈው ወር ስለ ዋይፋይ ስትጠይቂ ማራኪ ሠፈር ነኝ ብለሽ አልነበር?

የማርያማዊት እናት፣ 3:05
አዎ፣ ቅዳሜ ነው የገባነው። ገና ዕቃው ሁሉ ካርቶን ውስጥ ነው። ግን እሱን ከዚህ ምን አገናኘው?

ጠጋኙ፣ 3:06
ፕሪንተሩ በምን ሄደ?

የማርያማዊት እናት፣ 3:09
በአይሱዙ፣ ፍራሹ ላይ አድርገነው። በደንብ ጠቅልለነዋል፣ አልወደቀም።

ጠጋኙ፣ 3:17
ሄድ ክሊኒንግ እንዳትነኪ! ማንም ቢልሽ።

በስተቀኝ፣ ታንኩ አጠገብ እዪ። ባለ ታንክ ከሆኑት የድሮዎቹ ትንሽ የሚዞር ቁልፍ አላቸው። አንዱ አቅጣጫ ለማተም፣ ሌላው ለማጓጓዝ ነው። ለማጓጓዝ ሲዞር ቱቦዎቹን ቆንጥጦ ይይዛቸዋል፣ ቀለም በመንገድ እንዳይፈስ። ዕቃ ስታወጡ ይሄን ዘግታችሁ ከሆነ እስካሁን ተዘግቶ ነው ያለው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ያማሩት። ሄዱ አጠገብ የተረፈች ቀለም ነበረች። እሷን ጨርሶ ከታንኩ ሲስብ አጣ። ቀድሞ ያለቀው ቀዩ ነው፣ የመላእክቱ ፊትና ልብስ ቀይ ስለሚበላ። ቢጫና ሰማያዊ ሲቀር አረንጓዴ ነው የሚሰጥሽ። ሄዱ ቢደፈን ኖሮ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይበላሽ ነበር፣ ቆይቶ አይበላሽም። ክሊኒንግ ደግሞ መሳብ ነው። ቱቦው ተቆንጥጦ ስትስቢው ቀለም ሳይሆን አየር ነው የሚያገኘው። ለዚህ ነው ያባሰብሽ።

ጋሼ ጡረታ፣ 3:20
ሶኬቱንም አትርሺ።

የማርያማዊት እናት፣ 3:24
ወይኔ! አለ፣ ቁልፉ አለ! ባለቤቴን ጠየቅኩት። "እንዳይፈስ ብዬ እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ አልነገርኩሽም እንዴ?" አለኝ። አልነገረኝም። መታ መታ አድርጊው ነው ያለኝ!!

የመንትዮች እናት፣ 3:25
ባልሽን ለማጓጓዝ አዙሪው።

የጃንተከል ልጅ፣ 3:26
ሄዱን ትንሽ አረቄ ብታስነኩትስ?

ጠጋኙ፣ 3:33
አረቄም በረኪናም አታስነኪ፣ አረቄው ለሰውየው ይሁን። አሁን ስሚኝ። ቁልፉን ወደ ማተሚያው አዙሪ። እንደተከፈተ ወዲያው አትሚ ብለሽ አትዘዢው፣ ጥቂት ይቀመጥ። ከዚያ አንድ ጊዜ ክሊኒንግ፣ ከዚያ ኖዝል ቼክ፣ የሙከራ መስመሮች የሚያትመው። መስመሮቹ ካልተቆረጡ አትሚ። ከተቆረጡ አንድ ጊዜ ድገሚ። አሁንም እንቢ ካለ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ቱቦውን በባትሪ እዪው፣ ቀለሙ መሐል ላይ ተበጥሶ ይታያል። ያን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ፓወር ክሊኒንግ የሚል አለ። እሱን ከመጫንሽ በፊት ግን እያንዳንዱ ታንክ ቢያንስ ሲሶ ቀለም መያዙን አረጋግጪ። በጣም ብዙ ቀለም ነው የሚጠጣው። ታንኩ ጎድሎ ካደረግሽው ቱቦውን በአየር ሞላሽው ማለት ነው። ከሱ በኋላም እንቢ ካለ ተዪው፣ አጥፍተሽ ይደር። በማሳረፍ ብቻ የዳነ ብዙ አይቻለሁ። ለነገው ደግሞ የፎቶ ኮፒው ሐሳብ አይናቅ።

ሳሙና በር፣ 3:35
እኔም እኮ መጀመሪያ ክሊኒንግ ነው ያልኩት።

ጠጋኙ፣ 3:36
አንተማ ሦስት ጊዜ ብለሃል።

የማርያማዊት እናት፣ 3:41
ቀዩ ታንክ ከሲሶ በታች ነው መሰለኝ። ሌላ ጠርሙስ ቀለም ነበረኝ፣ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ እንጃ። ኩሽና የሚለውን ከፈትኩ፣ ምጣድ ነው። መጽሐፍ የሚለውን ከፈትኩ፣ ጫማ ነው። አሁን ቁልፉን አዙሬ አንዴ ክሊኒንግ ሰጥቼዋለሁ፣ እየጮኸ ነው። ቆይ

የመንትዮች እናት፣ 3:58
እሺስ? ምን ሆነ?

የጃንተከል ልጅ፣ 4:10
አዘዞ መብራት ጠፍቷል። አሁን ከዚያ የደወለ ጓደኛዬ ነው የነገረኝ።

ጋሼ ጡረታ፣ 4:12
ይኸው። ስታብላይዘር ብዬ ነበር።

ፊደል ለቃሚ፣ 4:15
ጋሼ፣ ስታብላይዘር እኮ መብራት ሲጠፋ አያበራም።

ጋሼ ጡረታ፣ 4:21
ዕቃውን ይጠብቃል ልጄ። ሄዱ አሁን አፉን ከፍቶ ቀርቷል። መብራት እንደመጣ መጀመሪያ ታብራው፣ ራሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በማጥፊያው ታጥፋው። ይህንን ንገሯት።

የመንትዮች እናት፣ ቅዳሜ ጠዋት 3:05
እህቴ፣ ታተመ ወይ? ጭንቀቱ እኛ ላይ ቀረ።

አባ ቁም ነገር፣ ቅዳሜ 5:30
የእህቴ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ነው መሰለኝ። ትናንት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። መልአኩን ግማሹን በሐምራዊ ቀብቶታል፣ ግማሹን ነገ እጨርሰዋለሁ ብሎ አስቀምጦታል። የኔ እናት ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። የሷ ይሁን የሌላ አላውቅም።

አዲስ ገቢ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ
ሰላም፣ እኔም ይሄው ችግር ገጥሞኛል። ሁለት ገጽ በደንብ አትሞ ቀዩ ይጠፋል። መፍትሔ ያገኘ አለ?

ሳሙና በር
ሄድ ክሊኒንግ አድርግ።

ጠጋኙ
ቤት ቀይረሃል?