ለጉዞና ለመውጫ የሚሆን ዊልቸር፦ የትኛው ዓይነት? ሜዲኬርስ ይከፍላል?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ አርትራይተስ አለባቸው። ቤት ውስጥ በምርኩዝ ራሷን ችላ ትንቀሳቀሳለች። ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ ወይም ኤርፖርት ሲሆን ግን ትንሽ እንደሄደች መቀመጥ አለባት። ለጥምቀት አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ እዚያም እዚህም የምንገፋት እኛ ልጆቿ ነን። ያላት ኦሪጅናል ሜዲኬር (መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን) ብቻ ነው።

ትንንሽ ጎማ ያለው ትራንስፖርት ቼር ይሻላል ወይስ ትልቅ ጎማ ያለው? ሜዲኬር ይከፍላል? ታጣፊ ሆኖ በባትሪ የሚሄደውንስ አውሮፕላን ይቀበለዋል?

ቢሊንግ ክፍል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክፍያው ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ሜዲኬር ፓርት ቢ (የሐኪምና የሕክምና መሣሪያ ክፍያን የሚይዘው ክፍል) ዊልቸር የሚሸፍነው ቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ነው። መለኪያው መጸዳጃ ቤት መድረስ፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መመገብ ነው። እነዚህን በምርኩዝ ወይም በዎከር መወጣት ከቻሉ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ሐኪሙ ማስታወሻው ላይ «ለረጅም ርቀት ብቻ ያስፈልጋቸዋል» ብሎ ከጻፈ ያቺ አንዲት መስመር ብቻዋን ትበቃለች። እውነቱ ይኸው ከሆነ ደግሞ ሌላ እንዲጽፍ መለመን አያስፈልግም፤ በኋላ ኦዲት ያመጣል።

እናትሽ አሁን ባሉበት ሁኔታ አያሟሉም። ባያሟሉም ደንቡን ማወቁ ይጠቅምሻል። ያሟላ ሰው ዓመታዊውን ዲዳክቲብል (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራስ የሚከፈለው፤ በ2025 257 ዶላር ነበር) ከጨረሰ በኋላ 20 በመቶውን ይከፍላል። ተራ ዊልቸር በኪራይ ይሰጥና 13 ወር ተከፍሎበት ሲያበቃ የራስ ይሆናል። አቅራቢው በሜዲኬር የተመዘገበና አሳይንመንት (የሜዲኬርን ተመን እንደ ሙሉ ዋጋ መውሰድ) የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ካልተቀበለ ከሜዲኬር ተመን በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ምትክ ለማግኘት በተለመደው አሠራር ወንበሩን ከተረከቡ ጀምሮ 5 ዓመት ይጠበቃል። ሜዲኬር በቤት ዊልቸሩ ላይ ደርቦ ለጉዞ ሁለተኛ አይሰጥም። ለዚህ ነው «ነፃ ነው» ተብሎ ከባድ የብረት ወንበር ተወስዶ፣ ቆይቶ ቁርጥ ያለ ፍላጎት ሲመጣ ጣጣ የሚሆነው፤ ሁኔታቸው መለወጡን እንደገና በሐኪም ማስረጃ ማስረዳት ይኖርብሻል።

ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት መድን) ቢኖራቸው ነገሩ ይለያል። በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ ክልሎች የሕክምና መሣሪያን ለቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ እንዳይገድቡ ይከለክላል።

ስለዚህ ከኪስ ነው፤ ግን ሙሉውን ላይሆን ይችላል። የሜሪላንድ የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዊልቸሮችን አጽድቶና ጠግኖ ለክልሉ ነዋሪ በነፃ ይሰጣል፤ ማዕከሉ ቸልትናም ነው። ገቢ አይጠይቁም። እዚያ የምታገኚው ግን ያላቸውን ነውና ልኩን ይዘሽ ጠይቂ። እናትሽ በታክስሽ ላይ ጥገኛ ሆነው የተመዘገቡ ከሆነ ከኤች ኤስ ኤ (ለሕክምና ተብሎ ከታክስ ነፃ ከሚቆጠብበት) ሒሳብሽ መክፈል ትችያለሽ፤ ደረሰኙን አስቀምጪ።

ፊዚዮቴራፒስት

ከላይ ያለው ልክ ነው። ወደ ወንበሩ ልግባ። ከመግዛት በፊት ልክ ይወሰድ። ደንደን ባለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ግራና ቀኝ ከዳሌያቸው ጎን ሁለት ጠንካራ መጻሕፍት አቁሚና በመካከላቸው ያለውን ለኪ። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሪበት፤ ካፖርት ወይም ጋቢ የሚደርቡ ከሆነ ወደ 5ቱ ጠጋ በይ። ጥልቀቱን ከመቀመጫቸው ጀርባ እስከ ጉልበታቸው ስር ለክተሽ 5 ሴንቲ ሜትር ቀንሺ። ጥልቀቱ ከበዛ ጨርቁ ከጉልበት ስር ይቆረቁርና ሰውየው ሳያውቀው ወደፊት እየተንሸራተተ ይጎብጣል። «ሰፋ ያለ ይመቻል» የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ሰፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

አሁን ጎማው። እዚህ አገር ለሞልና ለኤርፖርት ብቻ ቢሆን ከ120 እስከ 250 ዶላር የሚሸጠው ቀላል ትራንስፖርት ቼር ይበቃሽ ነበር፤ ብዙዎቹ ከ7 እስከ 10 ኪሎ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ኮብልስቶን አለ። ባለ 8 ኢንች ጎማው በድንጋዮቹ መካከል ሲገባ ወንበሩ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ገፊው እየገፋ ስለሆነ የተቀመጠው ሰው ወደፊት ይወረወራል። ስለዚህ ቢያንስ ከኋላ 12 ኢንች ጎማ ያለውን፣ ከተቻለ ደግሞ 24 ኢንቹን ምረጪ። የፊተኞቹም 8 ኢንች ሆነው ወርዳቸው ሰፋ ይበል፤ ቀጭኑ ጎማ እንደ ቢላ ነው የሚሰምጠው። መጥፎ መንገድ ሲያጋጥም ወንበሩን አዙራችሁ ወደኋላ ጎትቱ፣ ትልቁ ጎማ ይቅደም።

ባለ 24 ኢንቹ ጣጣው ስፋቱና ክብደቱ ነው። መቀመጫው 18 ኢንች ከሆነ ወንበሩ ከዳር እስከ ዳር ወደ 26 ኢንች ይሆናል፤ ትራንስፖርት ቼሩ 22 አካባቢ ነው። በሮቻችሁን ለኪ። ቪትዝ መኪና ኋላ ውስጥ የሚገባው የኋላ ጎማው በአንድ ቁልፍ ተነቅሎ የሚወጣው ዓይነት ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የእግር ማሳረፊያውን እንደማይጨምርም እወቂ።

ፍሬን ላይ አትቆጥቢ። መቀመጫው አጠገብ ካለው ማቆሚያ ሌላ በመግፊያው እጀታ ላይ እንደ ብስክሌት የሚጨበጥ ፍሬን ይኑረው። የአዲስ አበባን ቁልቁለት በክንድ ብቻ መያዝ አይቻልም።

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

በጣም አመሰግናለሁ። ነፋስ ያለው ጎማ ነው ወይስ ድፍኑ? እዚያ ቢፈነዳስ?

ፊዚዮቴራፒስት

ድፍኑ አይፈነዳም፤ ግን ንዝረቱ በሙሉ ጉልበትና ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው። ለኮብልስቶን ባለ ነፋሱ ይሻላል። የውስጥ ጎማውን ማንኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል። ችግሩ የውጪው ነው፦ የብዙ ዊልቸር ጎማ 24 በ1 3/8 ሲሆን ጎኑ ላይ 540 የሚል ቁጥር አለው። የተራራ ብስክሌት 24 ኢንች ግን 507 ነው፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ቸርኬው ላይ አይገባም። ሁለት የውስጥና አንድ የውጪ ጎማ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 12 ኢንቹ ትራንስፖርት ቼር ብዙ ጊዜ ድፍን ጎማ ስለሆነ ይህ አያሳስብም፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፎም ትራስ ጨምሩበት፣ የእግር ማሳረፊያውንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሲነሱ መጀመሪያ ፍሬኑ ይያዝ፣ ቀጥሎ የእግር ማሳረፊያው ይታጠፍ። በማሳረፊያው ላይ ቆሞ መነሳት ወንበሩን ወደፊት ይደፋዋል።

የበረራ ጉዳይ

ቲኬት ስትቆርጡ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ዊልቸር አስመዝግቡ። አየር መንገዱ የእርዳታውን ዓይነት የሚጽፍባቸው ሦስት ኮዶች አሉ። ደብሊው ሲ ኤች አር ማለት ሩቅ መሄድ አይችልም፣ ደረጃ ግን ይወጣል። ደብሊው ሲ ኤች ኤስ ደረጃ አይወጣም። ደብሊው ሲ ኤች ሲ እስከ መቀመጫው መወሰድ አለበት። ቲኬት ቢሮው ካልተነገረው የመጀመሪያውን ይጽፋል፤ አውሮፕላኑ ከተርሚናል ርቆ ከቆመ እናትሽ በዚያ ጉልበት ደረጃ ውጡ ሊባሉ ነው። ደረጃ ካልቻሉ «ኤስ» ይባል።

የራስ ዊልቸር በሻንጣ ቁጥር አይታሰብም፣ አይከፈልበትምም። እስከ አውሮፕላኑ በር ተቀምጠውበት ይሂዱ፤ የሚለጠፍበት ወረቀት ላይ «በር ላይ ይመለስ» የሚለው መኖሩን እያችሁ ነው የምታስረክቡት፤ አለዚያ ከሻንጣ ጋር መረከቢያው ላይ ይወጣል። ትራሱንና የእግር ማሳረፊያውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ከማስረከባችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

በባትሪ ለሚሄደው፦ ባትሪው የሚነቀል ሊቲየም ከሆነ እስከ 300 ዋት-አወር አንድ፣ ወይም እያንዳንዳቸው እስከ 160 የሆኑ ሁለት ይፈቀዳል፤ ተነቅሎ ወደ ካቢን ይገባል። ዋት-አወሩን ለማግኘት ቮልቱን በአምፔር-አወሩ አባዢ፦ 24 በ10 ሲባዛ 240 ስለሆነ ያልፋል፤ 24 በ20 ግን 480 ነው፣ አያልፍም። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከሌለ ኢትዮጵያ 220 ላይ ይቃጠላል። በእኔ ግምት ለዚህ ጉዞ አያስፈልግም፤ ታጣፊዎቹ ጎማቸው ትንሽ ነው፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑም ብዙ ናቸው፣ ገፊ ደግሞ አላችሁ።

ጉዳት ቢደርስ፦ አሜሪካ ውስጥ በሚደረግ በረራ አየር መንገዱ እስከ ተገዛበት ዋጋ ይጠየቃል። በዓለም አቀፍ በረራ ግን የሞንትሪያል ስምምነት ጣሪያ አለው፤ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው፣ ያውም ከሌላው ሻንጣ ጋር ተደምሮ። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ወንበር ካለ ሲያስረክቡ ዋጋውን ማስመዝገብ ነው። ቦሌ ላይ የተሰበረ ነገር ካያችሁ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ የጉዳት ሪፖርት አስጽፉና ቅጂውን ያዙ። እዚያ ለሚደረግ ጥገና ሜዲኬር አይከፍልም።

ቢሊንግ ክፍል

የጥገናውን ነገር ካነሳችሁ፦ በኪራይ ላይ ያለ የሜዲኬር ወንበር ያለው ሰው ይዞት ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት አቅራቢውን ይጠይቅ። 13ቱ ወር እስኪያልቅ ንብረቱ የአቅራቢው ነው።