ለልጄ የወተት መንጋጋ ብረቱ ይሻላል ወይስ ነጩ ክራውን?

የሶልያና እናት (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ በቀኝ በኩል አላኝክ ብላ ነበር፤ ጉርሻ ስሰጣት እንኳ ወደ ግራ እያዞረች ነው የምትውጠው። ያልፍላታል ብዬ ቆየሁ። አንድ ሌሊት ግን ጉንጯን ይዛ ስታለቅስ አደረች። ሲነጋ በባጃጅ ይዣት ሄድኩና ራጅ ተነሣች። ከታች በቀኝ ያለው ሁለተኛው የወተት መንጋጋዋ ውስጥ ለውስጥ ተቦርቡሮ ነርቩ ድረስ ደርሷል። በሁለት ቀጠሮ ነርቩን አውጥተው፣ መድኃኒት ሞልተው፣ ለጊዜው ዘጉት። አሁን ሕመሙ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሐኪሟ «ከላዩ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ፣ ካልለበሰ ይሰነጠቃል፤ ብረቱን ወይም ነጩን ምረጡ» አለችን። ነጩ ከአዲስ አበባ ታዝዞ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው የብረቱን ሦስት እጥፍ ነው። ባለቤቴ ነጩን ይላል። ልጃችን ስትስቅ አፏን ሞልታ ነው የምትስቀው፤ «ትምህርት ቤት ብረት ጥርስ ቢሏትስ?» ብሎ ይጨነቃል። ዘጌ ያሉት አማቴ ደግሞ «ነገ ለሚወልቅ ጥርስ ይህን ሁሉ ብር? አስነቅሏት» አሉን። እኔ ጥልፍ ጠልፌ ነው የምኖረው፤ ገንዘቡ ያሳስበኛል፤ ግን ከልጄ አይበልጥብኝም። ብረቱ አፍ ውስጥ አይዝግም ወይ? የቱ ነው ሳይነሣ የሚቆየው? አጠገቡ ያለው መንጋጋም በጎኑ መበላት ጀምሯል ተብሏል። ያሳለፋችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የናቲ አባት (ቀበሌ 14)

እህቴ፣ እኛ ነጩን አስደርገን አልተሳካልንም። ልጄ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር፤ ወንበሩ ላይ አልቀመጥ ብሎ እኔ እግሩን፣ እናቱ እጁን ይዘን ነው የተሠራለት። ድዱ እየደማ ነበር፤ ጥጥ ሲቀይሩ እንደገና ይደማል፤ በመጨረሻ እንደዚያው ለጠፉት። ሦስት ወር አልቆየም። ሽምብራ ቆሎ ሲበላ «አባዬ፣ ድንጋይ አገኘሁ» ብሎ መዳፉ ላይ ተፋው፤ ለካ ክራውኑ ነው። ቢውጠው ኖሮ እያልኩ ዛሬም ይዘገንነኛል። በኋላ ሌላ ቦታ ወስደን ብረቱን አስደረግን፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ፤ ንቅንቅ አላለም። ስለ መልኩ ሁለት ሳምንት ተጠየቀ፤ ከዚያ ልጆቹም ረሱት።

የጥርስ ሐኪም ነኝ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ልጅሽን ሳላያት የመጨረሻ ቃል መስጠት አልችልም፤ ለምርጫሽ የሚረዳሽን ግን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ መንቀሉ። ይህ ጥርስ በራሱ ጊዜ የሚወልቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ገና አራት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ሊያኝክ ነው እንጂ ነገ አይወልቅም። በዚያ ላይ በ6 ዓመት ገደማ ከኋላው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይወጣል፤ ሲወጣ ይህን የወተት መንጋጋ ተደግፎ ነው ቦታውን የሚይዘው። መደገፊያውን ካጣ ወደ ፊት ይንሸራተትና ከሥር ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ በር ይዘጋበታል። ቢነቀል እንኳ ቦታውን የሚጠብቅ ሽቦ መታሰር አለበት፤ እሱም ወጪ ነው፤ ክትትልም ይፈልጋል።

ብረቱ የሚሠራው ከስቴይንለስ ስቲል ነው፤ አፍ ውስጥ አይዝግም። በፈረንጆቹ ከ1950 ገደማ ጀምሮ ለልጆች ሲሠራበት የኖረ ነው። ተሠርቶ በየቁጥሩ ይመጣል፤ እንደ ጫማ እየለካን ልክ የሚሆነውን እንመርጣለን። ቀጭን ስለሆነ ጥርሱን ብዙ አንሞርደውም። ጠርዙን በፒንሳ ወደ ውስጥ እናጥፈዋለን፤ ስንጫነው የጥርሱን ሆድ አልፎ አንገቱ ላይ «ቀጭ» ብሎ ይይዛል። ሲሚንቶ የምንለው የጥርስ ማጣበቂያ አለው፤ ግን የሚይዘው በሲሚንቶው ብቻ አይደለም። ትንሽ ምራቅ ቢነካውም ይታገሣል።

ነጩ ዚርኮኒያ ከሚባል ሴራሚክ የሚሠራ ነው። ለልጆች ተዘጋጅቶ መምጣት ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን አይታጠፍም። ስለዚህ ጥርሱ ዙሪያውን በደንብ ተሞርዶ ክራውኑ ሳይገፋ፣ ዘና ብሎ መግባት አለበት፤ በግድ ከተገፋ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ደምና ምራቅ ከገባበት አይያዝም። የናቲ አባት የነገሩሽ ታሪክ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፤ ዚርኮኒያ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በትክክል ከተሠራ መልኩ ከጥርስ አይለይም፤ ልሙጥ ስለሆነም ቆሻሻ ብዙ አይይዝም፤ ድዱ ጥሩ ሆኖ ይቆያል።

የፊት ጥርስ ቢሆን ነጩን እልሽ ነበር። ከታች ላለ ሁለተኛ መንጋጋ፣ ያውም ነርቩ ለታከመ፣ የራሴ ልጅ ብትሆን ብረቱን ነበር የማደርግላት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ብረቱ ውስጥ ኒኬል አለ፤ ይህ ለአንዳንድ ሰው አለርጂ የሚያመጣ ብረት ነው። አርቴፊሻል ጉትቻ ስታደርግ ጆሮዋ ይቆጣል? ያሳክካታል? ውኃ ይቋጥራል? እንዲህ ከሆነ ለሐኪሟ ሳትነግሪ ብረቱን እንዳታስደርጊ።

አጠገቡ ያለው ጥርስ ካላመማትና ራጁ ነርቩ ደህና ነው ካለ፣ ያለ መርፌና ያለ መሞረድ ብረቱን የማልበስ ዘዴ አለ። ሆል ቴክኒክ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ኖርና ሆል ከተባለች የስኮትላንድ የጥርስ ሐኪም ነው። ቀድሞ በጥርሶቹ መሐል ለጥቂት ቀን ትንሽ ላስቲክ ይገባና ክፍተት ይፈጥራል፤ ከዚያ ክራውኑ በሲሚንቶ ተጭኖ ይገባል። ቁስለቱ ከሥሩ ታፍኖ ስለሚቀር መስፋፋቱን ያቆማል። ለጥቂት ሳምንት አፏን ስትገጥም ከፍ ብሎ ይሰማታል፤ በኋላ ይስተካከላል። ሐኪሟን ጠይቂያት።

የሁለት ልጆች እናት (ቀበሌ 11)

ስለ መንቀል እኔ ልናገር። የመጀመሪያ ልጄን በአምስት ዓመቷ ያንኑ መንጋጋ አስነቀልናት፤ ስለ ሽቦ የነገረን ሰው አልነበረም። አሁን 12 ዓመቷ ነው። የኋላው መንጋጋ ወደ ፊት መጥቶ ተደግፏል፤ መውጣት የነበረበት ቋሚ ጥርስ በጎን በኩል በድዷ ብቅ ብሏል። መስተዋት ፊት ቆማ በጣቷ ስትገፋው አይቻት አልቅሻለሁ። አማትሽን በአክብሮት አስረጂያቸው እንጂ አትንቀይ።

ነጩን ግን ሁሉም አይጥላው። ለሁለተኛው ልጄ አስደርጌለት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ድዱ ንጹሕ ነው። ሰባት ዓመቱ ስለነበር አፉን ከፍቶ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ልጅሽ ትቀመጣለች ወይ? እኔ ብሆን ከዋጋው በፊት እሱን ነው የማስበው።

የሶልያና እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዶክተር፣ ጉትቻውን እንዳሉኝ አሰብኩት። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁላትን አርቴፊሻል ዓመት ሙሉ አድርጋዋለች፤ ጆሮዋ ምንም አላለ። ለሐኪሟም ነገርኳት። አትቀመጥም ወይ ላልሽኝ እህቴ፣ መርፌውን ስታይ ከወንበሩ ወርዳ በር ላይ ነው የያዝናት፤ ለነጩ የሚሆን ትዕግሥት የላትም። ብረቱን ወሰንን። ባለቤቴም የናቲን አባት ጽሑፍ ሁለቴ አንብቦ ተስማማ።

የሶልያና እናት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሐኪሟ መጀመሪያ ክራውኑን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ሶሊ በጣቷ ገልብጣ አየችውና «የአሻንጉሊት ኩባያ ነው» አለች። ሁለት ቁጥር ተለክቶ ሦስተኛው ልክ መጣ። ሲገባ ያ «ቀጭ» ያሉት ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማኝ፤ ጥርሱ ዙሪያ ያለው ድድ ነጭ ሆነና ደነገጥኩ፤ «ስለተጫነው ነው፤ አሁን ይመለሳል» አለችኝ። እውነትም ብዙ ሳይቆይ መልኩ ተመለሰ። «ጠበበኝ» ብላ ጥቂት አለቀሰች፤ ማታ ሽሮ በላች፤ በሁለተኛው ቀን በቀኝ በኩል አኘከች። ይህን ሳይ የተሰማኝን ደስታ መናገር አልችልም። አጠገቡ ላለው ጥርስ ላስቲኩ ገብቷል፤ ማክሰኞ ያለ መርፌ ይለብሳል። ማታ ማታ ጉልበቴ ላይ አስተኝቻት ድዷና ብረቱ የሚገናኙበትን ጠርዝ በለስላሳ ብሩሽ አሸዋለሁ፤ ካራሜላና ማስቲካ ከቤት ወጥቷል።

እሁድ በጀልባ ዘጌ ሄድን። አማቴ ልጅቱን በር ላይ አስቁመው አፏን አስከፍተው በብርሃን አዩት፤ በጣታቸው ጥፍር መታ መታ አደረጉት። «ሲወልቅስ ብረቱ ይቀራል?» ብለው ጠየቁኝ። ከጥርሱ ጋር አብሮ ይወልቃል አልኳቸው። ሶሊ ይህን ሰምታ «እማማ፣ ቆርቆሮው ላይ ስወረውረው ኳ ይላል» አለቻቸው።