ዘፈንና ቀልድ ያደግሁበትን እምነት ለምን ያናጉብኛል?

ጥያቄ፦
ያደግሁት ከመዝሙር በቀር ሌላ ካሴት በማይገባበት የወንጌል አማኞች ቤት ነው። ጎረቤት ዘፈን ሲከፍት እናቴ የእኛን መዝሙር ከፍ ታደርገው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሙሉቀን መለሰን ዘፈኖች ስሰማ የጠበቅሁት የኃጢአት ስሜት አልመጣም፤ የመጣው ናፍቆት ነበር። ከዚያ ወዲህ «በዚህ ተሳስተው ከሆነ በሌላውስ?» የሚለው ሐሳብ አለቀቀኝም። የሰባኪን አነጋገር እያስመሰለ በሚቀልድ ኮሜዲያን ከሳቅሁ በኋላ ደግሞ፣ እሑድ ጉባኤ ላይ ያንኑ ቃና ስሰማ መጸለይ ያቅተኛል። ይህ የገጠማችሁ እንዴት አለፋችሁት?

ምላሽ 1፦
የክልከላው አንዱ ሥር የቃል ትርጉም ይመስለኛል። በተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገላትያ 5፥21 ላይ ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» ተጽፏል፤ የግሪኩ ቃል «ኮሞይ» ግን በመጠጥ የታጀበ ፈንጠዝያን ያመለክታል። በግእዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ ማለት ስለሆነ፣ ያው መጽሐፍ በ2ኛ ሳሙኤል 6፥16 ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት «ሲዘልልና ሲዘፍን» ሚስቱ ሜልኮል እንዳየችው ይነግረናል። ይህ ሳይነገረው «ዘፈን ኃጢአት ነው» ብቻ ተብሎ ያደገ ልጅ፣ አንድ ቀን መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ከአጥሩ ጋር ቤቱም የፈረሰ ይመስለዋል።

ምላሽ 2፦
ስለ ግሪኩ ክርክር የለኝም። ይሁን እንጂ ሙሉቀን ራሱ ዘፈንን ትቶ የወንጌል አማኝ ሆኗል፤ ዘፋኟ ሂሩት በቀለም ወደ መዝሙር ዞራለች። የዘፈንን ጉልበት ከእነርሱ በላይ ማን ያውቃል? ዘፈን ስለ ፍቅርም ስለ ቁጭትም የራሱን ትምህርት ያስተምራል፤ ወላጆቻችን የፈሩት ይህንኑ ከሆነ ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ያጠፉት ምክንያቱን ባለመናገራቸው ነው።

ምላሽ 3፦
እኔ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቤት ዘፈን የሚዘጋው በጾም ነበር። ቀልዱን በተመለከተ ግን አያቴ ከቅዳሴ መልስ የአለቃ ገብረ ሀናን ጨዋታ እያወሩ ያስቁን ነበር። አለቃ በአቋቋም (በቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ሥርዓት) ሊቅነታቸው የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነው ሳለ፣ ካህን ሆነ መኳንንት ከምላሳቸው አያመልጥም ይባላል። እንዲህ ላደገ ሰው በካህን መሳቅና እምነትን መተው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእርስዎ ኮሜዲያን የሳቀው በሰባኪው ድምፅ ነው ወይስ በጸሎቱ? አስቀድመው ይህንን ቢለዩ መልካም ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ቀልዱን ከመስማቴ በፊትም ያ ድምፅ ይከብደኝ እንደ ነበር አሁን ትዝ አለኝ። የገላትያውን ነገር ግን ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደማነሣላት ገና አላውቅም።