የፈረስ ጅማት ጉዳት፦ ፒአርፒ ወይስ ስቴም ሴል? መቼስ ይወጋ?

ባልደራስ፦
የ8 ዓመት የዝላይ ፈረስ ነው። የግራ የፊት እግሩ የላይኛው አጣፊ ጅማት ከጉልበት በታች ተጎድቷል። በ3ኛው ቀን በተነሣው አልትራሳውንድ የጅማቱ መሃል ላይ 6 ሴንቲሜትር የሚረዝም ጥቁር ቀዳዳ ይታያል፤ ከውፍረቱ 20 በመቶ ያህል ይሆናል፣ ዙሪያው ግን አልተበጠሰም። ሐኪሙ ነገ ፒአርፒ (ከደሙ የሚለይ፣ ፕሌትሌት የበዛበት ፈሳሽ) እንውጋው ይላል። እሺ ልበል ወይስ ስቴም ሴል (ከመቅኔው ተወስደው የሚራቡ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጡ የሚችሉ ሴሎች) ልጠብቅ?

ልጓም፦
ነገ አይወጋ። ብግነቱ ክሮቹን መብላቱን ስላላቆመ ቀዳዳው ገና ሊሰፋ ይችላል። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ይታይ፤ ቀኙም አብሮ ይታይ፣ ሁለቱም እግር አንድ ላይ የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነው። እስከዚያ ጋጣ ውስጥ ይረፍ፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለ20 ደቂቃ በረዶ፣ ከዚያ ጠበቅ ያለ ፋሻ።

ዙሪያው ደህና ሆኖ መሃሉ ለተቦረቦረ ጅማት እኔ ስቴም ሴልን እመርጣለሁ፤ ቀዳዳው ራሱ እንደ ዕቃ ይይዘዋልና። ግን መቅኔው ከፍርምባ ወይም ከዳሌ አጥንት ተቀድቶ ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪራባ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከጉዳቱ 6 ሳምንት በኋላ ደግሞ ጠባሳ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ስለዚህ መቅኔው አሁኑኑ ይቀዳ። ፒአርፒ ከራሱ ከፈረሱ ደም በዚያው ቀን ስለሚዘጋጅ አያመልጥዎትም።

እርካብ፦
መርፌው ላይ ብዙ ይበላሻል። ማደንዘዣው ከላይ ነርቩ ላይ ይሰጥ እንጂ ቀዳዳው ውስጥ አይግባ፤ ሊዶካይን ሴሎቹን ይገድላል። አሚካሲን የተባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ፣ «ለጥንቃቄ» ተብሎ አይቀላቀል። ሴሎቹ ከታች ስለሚዘቅጡ የስቴም ሴሉን ጠርሙስ ቀስ ብሎ መገልበጥ እንጂ መናጥ አያስፈልግም።

በአልትራሳውንድ እየታየ፣ በቀዳዳው ርዝመት በየ1 ወይም 1.5 ሴንቲሜትሩ ጥቂት ጥቂት ይወጋ። ፈሳሹ ሲገባ ጥቁሩ ቦታ በትናንሽ የአየር አረፋ ነጣ ነጣ ይላል። መርፌው ከከበደ ወይም ፈሳሹ ከጅማቱ ውጭ ሲፈስ ከታየ እዚያው ይቁም። በግድ ሲገፋ ደህናውን ክር ይሰነጥቃል።

ባልደራስ፦
አመሰግናለሁ። ፌኒልቡታዞን (የሕመምና የብግነት ማስታገሻ) 5 ቀን ወስዷል፤ ችግር አለው? ወደ ሥራስ መቼ ይመለሳል?

ልጓም፦
ለስቴም ሴሉ ብዙ አያሳስብም። ወደ ፒአርፒ ከዞሩ ግን ደም ከመቀዳቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢቆም ይሻላል። ጅማቱ ውስጥ ስቴሮይድ (ጠንካራ የብግነት መድኃኒት) እንውጋ የሚል ከመጣ እምቢ ይበሉ፤ እብጠቱ ቶሎ ይጎድላል፣ ጅማቱ ግን ይደክማል።

ወደ ሥራ ከ9 እስከ 12 ወር። ከተወጋ በኋላ ጥቂት ቀን በፋሻ ይረፍ፣ ከዚያ በእጅ እየተሳበ በቀን 10 ደቂቃ ይራመድ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨመር። ሶምሶማ ከ3 ወር በፊት የለም፤ ሲጀመርም 5 ደቂቃ ብቻ፣ ጠንካራ ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ብሎ እንጂ በክብ አይደለም። እያንዳንዱ እርከን ከመጨመሩ በፊት አልትራሳውንድ ይነሣ፤ የጅማቱ ውፍረት ካለፈው ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ አንድ እርከን ወደ ኋላ።

እርካብ፦
አደገኛው 4ኛው ወር ነው። ፈረሱ አያነክስም፣ እብጠትም የለም፣ ጅማቱ ውስጥ ያለው ግን ገና ደካማው ዓይነት 3 ኮላጅን (የጠባሳ ክር የሚሠራበት ፕሮቲን) ነው። ሜዳ ላይ መልቀቅንም እንደ ዕረፍት አይቁጠሩት፤ ወራት ጋጣ የከረመ ፈረስ ሲፈታ መጀመሪያ የሚያደርገው መጋለብ ነው።